የሎውስቶን ፍል ውኃዎች መካከል ሣጥን መደበቅ፦ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ሌተርቦክሲንግን ለማታውቁ፣ አንድ ሰው ማኅተምና ደብተር ትንሽ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ይደብቃል፤ ፍንጩን ጽፎ ያሰራጫል። ያገኘው ሰው የራሱን ማኅተም በሣጥኑ ደብተር ላይ፣ የሣጥኑን ማኅተም በራሱ ደብተር ላይ ያትምና መልሶ ይደብቀዋል። ጨዋታው እንግሊዝ አገር ዳርትሙር ውስጥ በ1854 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ ነው። አሜሪካ ባለው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ግን በማሞት እርከኖች (ፍል ውኃ በሠራቸው የድንጋይ ደረጃዎች) አካባቢም ሆነ ሌላ ቦታ ያለ ፈቃድ ሣጥን ማስቀመጥ ክልክል ነው። ክልከላው ልክ ነው ትላላችሁ?

ማኅተም ሰብሳቢ፦ ልክ አይደለም። መዳፍ የምታክል ሣጥን ምን ትጎዳለች? ልጆቼ እንዲሁ ተራመዱ ሲባሉ ይሰለቻሉ። ፍንጭ ስሰጣቸው ግን የድንጋዩን ቅርጽ፣ የዛፉን ቅርፊት ሳይቀር ልብ ብለው ያያሉ። ሁልጊዜ «አትንካ» እየተባለ ያደገ ልጅ ነገ ለዚህ ፓርክ የሚቆረቆር ይመስላችኋል?

ድንጋይ አጥኚ፦ ወንድሜ፣ ሣጥኗን ተዋትና ሊፈልጋት የሚመጣውን እግር አስብ። የማሞት እርከኖች እንዴት እንደሚሠሩ ታውቃለህ? ትኩሱ ውኃ ከሥር ሲወጣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያልፋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለበት ድንጋዩን ያሟሟዋል። ላይ ሲደርስ ጋዙ ይለቀቅና የሟሟው ኖራ ትራቨርቲን ሆኖ ይረጋል። ከእንጨት መተላለፊያው ላይ ቆመህ የገንዳዎቹን ከንፈር እየው፦ ስስ ነው፣ እጥፋት እጥፋት ያለው፤ ውኃው በላዩ እየተንሸራተተ ገና እየሠራው ነው። ብርቱካንማውና ቡናማው ቀለም ደግሞ ሙቀት የሚወዱ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ ሕይወት አላቸው። ጫማ ካረፈባቸው ዱካው ይቀራል።

አሁን «ከሊበርቲ ካፕ 30 እርምጃ ወደ ቀኝ» የሚል ፍንጭ ጻፍ። 11 ሜትር የሚያህለው ያ የድንጋይ ምሰሶ ለፍንጭ ይመቻል፤ ነገር ግን እርምጃ የሚቆጥር ልጅ መተላለፊያው የት እንዳበቃ አያይም። በፓርኩ ታሪክ ከ20 በላይ ሰዎች በፍል ውኃ ተቃጥለው ሞተዋል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ኖሪስ በሚባለው የፓርኩ ፍል ውኃ ስፍራ ከመተላለፊያው የወጣ ወጣት ከፈላው ገንዳ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል። ይህን እያወቅሁ ጨዋታ ነው ብዬ ዝም ማለት አልችልም።

ማኅተም ሰብሳቢ፦ እርከኑ ላይ ይደበቅ ያለ ማን ነው? መኪና ማቆሚያው አጠገብ፣ ዛፍ ሥር ቢሆንስ?

የቀድሞ ደባቂ፦ እኔ ሌላ ጫካ ውስጥ፣ ልክ አንተ እንዳልከው ዛፍ ሥር ደብቄ ነበር። ከአንድ ክረምት በኋላ ስመለስ ከመንገዱ እስከ ዛፉ ድረስ ሣሩ ተረግጦ አፈሩ ወጥቷል፤ ድንጋዩ ሁሉ ተገልብጧል። አንስቼው ሄድኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። የሎውስቶን ደግሞ በዓመት ሚሊዮኖች የሚረግጡት ቦታ ነው። የፌዴራሉ ደንብም በብሔራዊ ፓርክ ንብረትን ከ24 ሰዓት በላይ ጥሎ መሄድን ይከለክላል፤ ያለ ፈቃድ የተቀመጠ ሣጥን ከተጣለ ዕቃ አይለይም።

ጥያቄ አቅራቢ፦ ፍንጩ ይቅር አላላችሁም እኮ። ከመተላለፊያው ሳይወርዱ የሚፈታ ፍንጭ ይጻፍ፤ ማኅተሙ የጎብኚዎች ማዕከል ይመታ። ጎብኚ በደብተሩ ላይ የሚያትመው የብሔራዊ ፓርኮች ፓስፖርት ማኅተም ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ።

ማኅተም ሰብሳቢ፦ እሱ ቀንና የቦታ ስም ብቻ ነው። የእኛ ማኅተም ሰው ቁጭ ብሎ በስለት ላጲስ ላይ የቀረጸው ነው፤ ሲታተም የእጁ መንቀጥቀጥ እንኳ ይታያል። ያንን በቢሮ ማኅተም አልለውጥም።

የቀድሞ ደባቂ፦ አትለውጠው። ማኅተሙን ኪስህ ይዘህ ዙር። በኛ ጨዋታ የሚዞር ማኅተምም አለ፤ የሚፈልግህ ሰው መንገድ ላይ ጠይቆ ያሳትምሃል።

ማኅተም ሰብሳቢ፦ ስለ ዛፉ ሥር ሣጥን ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድ ይከፈት እላለሁ። እርከኖቹን በተመለከተ ግን ተቀብያለሁ። ከልጆቼ ጋር ሊበርቲ ካፕን እንቀርጻለን፤ መተላለፊያው ላይ ያገኘን ይጠይቀን።