የታይሮይድ እባጭ ምርመራ የጋራ ዕቅድ፦ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ የአባላት ውይይት

አስተባባሪ፣ ደብረ ብርሃን፦
ረቂቁ ቁጥር 3 ላይ «አንገቱ ላይ እባጭ የተገኘበት ሁሉ በመርፌ ናሙና ይወሰድለታል» ይላል። እንቅርት ብርቅ ባልሆነበት ደጋ ይህን ጽፈን ብንልክ ወረፋውን ማን ይችለዋል? የምታሻሽሉትን ቁጥር ጠቅሳችሁ ጻፉ።

ራዲዮሎጂ፣ ደብረ ብርሃን፦
ቁጥር 3 ይሰረዝ። በምትኩ የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቲራድስ ነጥብ ይግባ፤ ይህ እባጩ በአልትራሳውንድ በሚታየው መልኩ ለካንሰር ያለውን ሥጋት በደረጃ የሚለካ ነው። ደረጃ 3 የሆነ እባጭ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ደረጃ 4 ከሆነ 1.5፣ ደረጃ 5 ከሆነ 1 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ይወጋል። ውኃ ብቻ የቋጠረ ወይም እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ አይነካም። እባጩ ብዙ ሲሆን ትልቁ ሳይሆን ነጥቡ የከፋው ይመረጣል፤ ከሁለት በላይ መውጋት አያስፈልግም።

«መልቲኖዱላር ጎይተር» (ብዙ እባጭ ያለው እንቅርት) ብሎ የአልትራሳውንድ ሪፖርት መዝጋት ይቅር። ልኩ በሦስት አቅጣጫ፣ ጥቁረቱ፣ ጠርዙ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ መኖሩ፣ ከጎን ስፋቱ ይልቅ ወደ ውስጥ ጥልቀቱ መብለጡ፣ የአንገት ሊምፍ ኖዶችም ይጻፉ።

አዲስ ማሽን መጠየቁም አይታየኝም። ለእርግዝና ክትትል በምንጠቀምበት አልትራሳውንድ ላይ 7.5 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ የሆነ ሊኒየር ፕሮብ (ፊቱ ቀጥ ያለ መዳሰሻ) ቢገጠም ይበቃል። ጎባጣው የሆድ ፕሮብ ለአንገት አይሆንም። ማሽኑ ፕሮቡን መቀበሉ ግን ከግዢ በፊት ይጣራ።

ጠቅላላ ሐኪም፣ መሐል ሜዳ (መንዝ)፦
ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዝ ሆርሞን የደም ምርመራ) ከመርፌ በፊት ይሠራ የሚል ይጨመር። ዝቅ ካለ እባጩ ራሱ ሆርሞን አመንጪ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ የኢሶቶፕ ስካን (እባጩ ሆርሞን ማመንጨቱን በጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚያሳይ ምርመራ) ነው። ጥያቄም አለኝ፦ ናሙናው እዚህ ተወስዶ ስላይዱ ብቻ ወደ ደብረ ብርሃን ቢላክ አይሻልም?

ፓቶሎጂ፣ ደብረ ብርሃን፦
ዶክተር፣ ይቻላል፤ ነገር የሚበላሸው ስላይዱ ላይ ነው። ለንባብ ቢያንስ አሥር አሥር ሴል ያላቸው ስድስት ክምችቶች ያስፈልጉኛል፤ ደም ብቻ ከመጣ የለም።

መርፌው ቀጭኑ 25 ጌጅ ይሁን፤ ሲሪንጅ ሳይሳብ፣ እባጩ ውስጥ ለ3 እስከ 5 ሰከንድ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀስ። መርፌው ከሲሪንጁ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ደም ሲታይ ወዲያው ይውጣ። ረጅም ስቦ መያዝ ደሙን ያበዛል፤ ሴሎቹም በረጋው ደም ውስጥ ይቀበራሉ። ከ2 እስከ 4 ጊዜ ይበቃል። ውኃ ካለው ውኃው ይቀዳና የቀረው ጠጣር ክፍል ይወጋ። ከመውጋት በፊት የአልትራሳውንድ ጄሉ በደንብ ይጠረግ፤ ስላይድ ላይ ከገባ ሴሉን ይሸፍነዋል።

ከእያንዳንዱ ውጊ ሁለት ስላይድ፦ አንዱ ሳይደርቅ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ፣ ሌላው በአየር ደርቆ ለጊምዛ ማቅለሚያ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ የመጀመሪያውን ከማሰሮው ሳይደርስ ያደርቀዋል፤ አልኮሉ አልጋው ዳር ተከፍቶ ይጠብቅ። መሐል ሜዳ ላይ በተቃራኒው ሁለተኛው በጉም ቀስ ብሎ ሲደርቅ ሴሉ ይበላሻል፤ በወረቀት እያራገባችሁ አድርቁት። ስም በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ያጥበዋል። ፎርማሊን ከደረቁት ስላይዶች ጋር በአንድ ሣጥን አይጓዝ፤ ትነቱ ማቅለሙን ያበላሻል።

ነርስ፣ ሸዋ ሮቢት፦
«ብረት ከነካው ይብሳል» ለሚሉ ታካሚዎች መርፌው ለክንድ ደም መቅጃ ከሚውለው የቀጠነ መሆኑን እናሳያቸው። ትከሻ ሥር ትራስ፣ መርፌው ውስጥ እያለ መዋጥና መናገር የለም፤ ሲወጣ ቦታው ጠበቅ ተደርጎ ይያዝ። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) የሚወስድ ካለ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ቀዶ ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን፦
ውጤቱ በቤተስዳ ቁጥር (የታይሮይድ ናሙና ውጤት ከ1 እስከ 6 በሚመደብበት ሥርዓት) ይምጣልኝ። «ካንሰር አልታየም» የሚል ቃል ምድብ 1ን ከምድብ 2 ያምታታል፤ ምድብ 1 በቂ ናሙና የለም ማለት እንጂ እንደ ምድብ 2 ነፃ ነው ማለት አይደለም። ምድብ 4 ላይ ደግሞ መርፌ ፎሊኩላር አዴኖማን (ካንሰር ያልሆነ እባጭ) ከፎሊኩላር ካንሰር አይለይም፤ የሚለየው ሽፋኑን ጥሶ መውጣቱ ነውና ግማሽ እጢው ወጥቶ መታየት አለበት። አዮዲን ባነሰበት አካባቢ የዚህ ዓይነት ካንሰር ድርሻ ስለሚጨምር እዚህ አካባቢ ቸል አይባልም።

አስተባባሪ፣ ደብረ ብርሃን፦
ተቀብያለሁ፤ ቁጥር 3ን እንደገና እጽፋለሁ። አንድ የቀረ አለ፦ ናሙናው ሳይበቃ ሲቀር ታካሚውን ማን ይጠራዋል? ከመንዝ ለሁለተኛ ጊዜ መሳፈር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። መላኪያ ቅጹ ላይ የታካሚው ስልክና የቅርብ ዘመድ ስልክ እንዲገባ፣ ድጋሚው ናሙናም እዚያው መሐል ሜዳ እንዲወሰድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የምትቃወሙ ካላችሁ ምክንያታችሁን ጻፉ።