ቦሎቄ ስናወጣ 3 ለ 1 አይመጣም፤ ተማሪው ደግሞ «ቡናው በሽታውን ተላመደው» ይላል

ጠያቂ፦ መምህር ከጅማ

ጤና ይስጥልኝ መምህራን። ጅማ፣ 12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። 64 ተማሪ በ8 ቡድን ከፍዬ የሜንዴልን ሕግ በቀይና በነጭ ቦሎቄ ነው የማሳየው። ቀዩ ዶሚናንት (ከነጩ ጋር ሲገናኝ የሚታየው) ነው፤ ነጭ ተብሎ የሚቆጠረው ሁለቱም ፍሬ ነጭ ሲሆን ብቻ ስለሆነ በሕጉ 3 ለ 1 ይጠበቃል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ፍሬ 12 ጊዜ ያወጣል። አንዱ ቡድን 11 ለ 1 ያመጣል፣ ሌላው 7 ለ 5፤ ልክ 9 ለ 3 የሚመጣለት ጥቂት ነው። ተማሪዎቹም «ሕጉ አይሠራም» ይላሉ።

ሁለተኛው ዝግመተ ለውጥ ላይ ነው። የቅርብ ምሳሌ ይሁን ብዬ የቡና ፍሬ በሽታን (ሲቢዲን) እና ከመልኮ (ጅማ ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል) የወጡትን ዝርያዎች አነሳለሁ። መልሳቸው ሁሌም «ቡናው በሽታውን ተላመደው» ነው፤ ፈተና ላይም ይህንኑ ይጽፋሉ።

እግረ መንገዴን፦ ከእነዚሁ ዝርያዎች ስለ ሁለቱ፣ ስለ 74110 እና ስለ አባቡና፣ አንድ ተማሪ «የ74110ን ፍሬ ብንዘራ ያው ይወጣል፣ የአባቡናን ግን መልሳችሁ አትዝሩ ይባላል፤ ሁለቱም ቡና አይደሉም ወይ?» አለኝ። አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም።

ቆጣሪው፦

መምህር፣ ጥፋቱ ያለው 12 ላይ ነው፤ ሕጉ ምንም አልሆነም። በ12 ዕጣ ልክ 9 ለ 3 የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከአራት ቡድን ሦስቱ «ቢሳሳት» የሚጠበቅ ነው። 11 ለ 1 ራሱ 13 በመቶ ያህል ዕድል አለው።

እንዲህ ያድርጉት። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ኩባያ ይስጡ፤ አንዱ የእናት፣ አንዱ የአባት። በያንዳንዱ 20 ቀይና 20 ነጭ ፍሬ ይግባ። ሳያዩ ከያንዳንዱ ኩባያ አንድ አንድ ያወጣሉ፣ ይጽፋሉ፣ ወደየኩባያው ይመልሳሉ፣ ይነቀንቃሉ። 40 ጊዜ። ሁለቱንም ከአንድ ኩባያ ካወጡ የጨዋታው ፍሬ ነገር ይጠፋል፤ ከእያንዳንዱ ወላጅ አንድ አሌል (የአንድ ጂን አንዱ መልክ) ብቻ እንደሚመጣ የሚያሳየው የኩባያዎቹ መለያየት ነውና። ካልመለሱ ደግሞ እያንዳንዱ ዕጣ የቀጣዩን ዕድል ይቀይረዋል፤ የመጨረሻዎቹ ፍሬዎችማ ሳይወጡ ይታወቃሉ።

ሌላ የማይታሰብ ጣጣ አለ። ገበያ ላይ ያለው ቀይና ነጭ ቦሎቄ መጠኑ ብዙ ጊዜ ይለያያል፣ ጣት ያውቀዋል። አንድ ዓይነት ነጭ ቦሎቄ ገዝተው ግማሹን በማርከር ቢቀቡት ይሻላል። በደንብ ይድረቅ፤ ካልደረቀ ይጣበቃል፣ ያኔም ጣት ያውቀዋል።

በ40 ዕጣ ነጭ-ነጭ 10 ይጠበቃል፤ ከ5 እስከ 15 ቢመጣ አይደንግጡ። ከዚያ የስምንቱን ቡድን ውጤት ሰሌዳው ላይ ይደምሩ፤ 320 ይሆናል። ነጭ-ነጭ 80 ይጠበቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ65 እና በ95 መካከል ያርፋል። ተማሪው የራሱ ቡድን ሲዋዥቅ ድምሩ ግን ወደ 3 ለ 1 ሲጠጋ በዓይኑ ያያል። ሜንዴልም ቢሆን ልክ 3 አላገኘም፤ በአተር ዘር ቅርጽ 5474 ክብና 1850 የተጨማደደ ነው የቆጠረው፣ 2.96 ለ 1።

ጊዜ ከተረፈ ካይ ስኩዌር (የተገኘው ቁጥር ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካ ስሌት) ያሠሯቸው። አንድ ቡድን ቀይ-ቀይ 14፣ ቀይ-ነጭ 16፣ ነጭ-ነጭ 10 አመጣ እንበል፤ የሚጠበቀው 10፣ 20፣ 10 ነው። ልዩነቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚጠበቀው ይካፈላል፦ 4 በ4 16 ነው፤ 16 ለ 10 ሲካፈል 1.6፣ 16 ለ 20 ሲካፈል 0.8፣ ሦስተኛው 0። ድምሩ 2.4፣ ከሠንጠረዡ ወሰን ከ5.99 በታች ነው። ሕጉን የሚጥል ማስረጃ አልተገኘም ማለት ነው።

የዘር ሰው፦

ስለ ቡናው ልጨምር። ችግሩ ከቋንቋችንም ይመጣል። «መላመድ» ስንል ደጋ ሄዶ ብርዱን የለመደውን ሰውም፣ በትውልድ ብዛት የተለወጠውን የሕያዋን ስብስብም በአንድ ቃል እንጠራለን። ክፍል ውስጥ ሁለቱን ይለያዩአቸው፦ ግለሰብ ይለምዳል፣ የለመደውን ግን አያወርስም፤ ስብስብ ደግሞ የአሌሎቹ ድርሻ ይቀየራል። ለበሽታው የተጋለጠ አንድ የቡና ዛፍ ሃያ ዓመት ቢቆምም ጂኑ ያው ነው።

ታሪኩን በቅደም ተከተል ይንገሯቸው። ሲቢዲ እኛ ሀገር በ1971 እ.ኤ.አ. ታየ። አምጪው ፈንገስ ሲሆን የሚያጠቃው አረንጓዴውን ፍሬ ነው። ክፉኛ በተጠቃ ማሳ መሀል ፍሬያቸው ንጹሕ የሆነ ዛፎች ተገኙ። እነዚያ ዛፎች የበቀሉት በሽታው ከመምጣቱ በፊት ነው! ለተማሪው ይህችን አንዲት ነጥብ ማስጨበጥ ግማሽ ትምህርት ነው። ከነሱ ዘር ተሰብስቦ ችግኙ በፈንገሱ እየተፈተነ የቀረው ዝርያ ሆነ። 74110 እና 74112 ላይ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ 1974 እ.ኤ.አ.።

ይህ ግን ሰው የመረጠው ስለሆነ ሰው ሠራሽ ምርጫ ነው፤ ተፈጥሯዊ ምርጫ ብሎ የጻፈ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበት። ተፈጥሯዊውን ለማሳየት ሰው ያልመረጠበትን የጫካ ቡና፣ ለምሳሌ የበለጠ-ጌራ ደንን፣ እንዲያስቡ ያድርጉ፦ በሽታው ዛፉን አይገድልም፣ ፍሬውን ነው የሚያራግፈው፤ ዘር ያልተወ ዛፍ በቀጣዩ ትውልድ ድርሻ የለውም።

በቦሎቄው ይቀጥሉበት። ከ40ው ነጭ-ነጭ የሆኑት 10 «ዘር አልተዉም» ብለው ያስወጧቸው። በቀሩት 30 ውስጥ 40 ቀይና 20 ነጭ አሌል አለ። ስለዚህ ለሁለተኛው ትውልድ በየኩባያው 20 ቀይና 10 ነጭ ያድርጉ። የነጭ አሌል ድርሻ ከ1/2 ወደ 1/3፣ ከዚያ 1/4፣ ከዚያ 1/5 ይወርዳል። ነጭ-ነጭ ሆኖ የሚወጣው ደግሞ ከ25 በመቶ ወደ 11፣ ወደ 6፣ ወደ 4 በመቶ። ነጩ ቀይ-ነጭ ውስጥ ተደብቆ ስለሚያልፍ ቶሎ አያልቅም። ገልብጠው ቀይ ያለበትን ሁሉ ቢያስወጡ ግን ቀዩ በአንድ ትውልድ ጠፋ። ይህን ልዩነት ተማሪዎቹ ራሳቸው እስኪያገኙት ድረስ ዝም ይበሉ።

ለፈተናው እርማት ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ልዩነቱ ቀድሞ ነበረ፤ ከበሽታው በኋላ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ዘር ተወ፤ ባህርዩ የሚወረስ ስለሆነ ድርሻው ጨመረ። «ፈልጎ»፣ «ሞክሮ»፣ «እንዲቋቋም ብሎ» የሚል ቃል ካለ ያስምሩበት።

ቆጣሪው፦

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቀይና ነጩ ሞዴል ነው ይበሏቸው። ሲቢዲን መቋቋም ከአንድ በላይ ጂን የሚሳተፍበት ባህርይ ነው፤ «የሲቢዲ ጂን» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ እንዳይወጣ።

የዘር ሰው፦

ልክ ነው። አሁን ወደ 74110 እና አባቡና። አረቢካ ቡና በአብዛኛው በራሱ አበባ ዱቄት ነው የሚራባው። ራሱን በራሱ ባዳቀለ ቁጥር ሄትሮዛይገስነቱ (በአንድ ጂን ሁለት የተለያየ አሌል መያዙ) በግማሽ ይቀንሳል፦ 100፣ 50፣ 25፣ 12.5፣ 6.25፣ ከአምስት ትውልድ በኋላ 3 በመቶ ገደማ። እንደ 74110 ያለ የጠራ መስመር (በዚህ መንገድ አንድ ዓይነት የሆነ ዝርያ) ፍሬ ቢዘራ እናቱን የሚመስለው ለዚህ ነው። አባቡና ግን ሀይብሪድ ነው፤ ወላጆቹ በሚለያዩበት ጂን ሁሉ ሄትሮዛይገስ ነው። ዘሩን መልሰው ሲዘሩ ይበታተናል። በ3 ጂን ብቻ 27 ጂኖታይፕ (የአሌል ጥምረት)፣ በ10 ጂን 59,049። አንዳንዱ ችግኝ ያማረ፣ ብዙው ግን እንደ እናቱ ያልሆነ ይወጣል። የበቆሎ ሀይብሪድ ዘር በየዓመቱ የሚገዛውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከገበሬ ቤት የመጣ ተማሪ ይህችን ወዲያው ይይዛል።

74110ም ቢሆን ጥቂት ከጎረቤት ይዳቀላል። ዘር የሚወስድ ሰው ከማሳው ዳር ሳይሆን ከመሀል ይልቀም።

ጠያቂ፦ መምህር ከጅማ

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የቀረችኝ፦ አረቢካ 44 ክሮሞዞም አለው፣ ቴትራፕሎይድ (አራት ስብስብ ክሮሞዞም ያለው) ነው ብያቸዋለሁ። ታዲያ ፑኔት ስኩዌሩ (የወላጆቹን አሌል የምናጣምርበት ሳጥን) በአራት አሌል መሆን የለበትም ወይ? በቦሎቄ ፈንታ እውነተኛ ቡና የማሳይበት መንገድስ አለ?

የዘር ሰው፦

አይሆንም። አረቢካ ካኔፎራ (ሮቡስታ የምንለው) እና ዩጂኖይደስ ከሚባሉ ባለ 22 ክሮሞዞም ቡናዎች ድቅል የመጣ ነው። በሚዮሲስ (የዘር ሕዋስ በሚሠራበት ክፍፍል) ጊዜ የየወገኑ ክሮሞዞሞች ከየወገናቸው ጋር ነው የሚጣመሩት፤ 22 ጥንድ ይሆናል። ስለዚህ ተራው ሁለት በሁለት ሳጥን ይበቃል።

ለእውነተኛው ማሳያ የጫፍ ቅጠልን ቀለም ይጠቀሙ። የአንዳንዱ ቡና ለጋ ቅጠል አረንጓዴ ነው፣ የሌላው ነሐስማ፣ የሄትሮዛይገሱ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ነሐስ፤ ያልተሟላ ዶሚናንስ ነው። ፈዘዝ ካለ አንድ እናት ዛፍ የተለቀመ ዘር ሲበቅል ወደ 1 ለ 2 ለ 1 ይጠጋል፤ ፍሬ እስኪያፈራ ሦስትና አራት ዓመት መጠበቅ የለም፣ ችግኙ ላይ ይታያል። ቢያንስ 80 ችግኝ ይቁጠሩ። አዲስ የወጣውን ጥንድ ቅጠል ብቻ ይዩ፤ ሲያድግ ሁሉም አረንጓዴ ስለሚሆን ከታች ያለውን የቆጠረ ቡድን «ሁሉም አረንጓዴ» ብሎ ይመጣል። ነሐሱና ፈዛዛው ለጀማሪ ያምታታል፣ ስለዚህ ሁለት ተማሪ ሳይነጋገሩ አንዱን ችግኝ ለየብቻ ይመዝግቡ፤ ያልተስማሙበትን ሦስተኛ ይይ።