ኮሃ፣ ዲስፔስና ሙድልን ማገናኘት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ላለው ዩኒቨርሲቲ ከየት ይጀመር?

ሪዘርቭ_ዴስክ

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንደምን ከረማችሁ።

የላይብረሪው ካታሎግና ውሰት ኮሃ ላይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፎች ዲስፔስ ላይ ይቀመጣሉ። ትምህርቱ ደግሞ ሙድል ላይ ይሰጣል። ሦስቱም ይሠራሉ፣ እርስ በርስ ግን አይተዋወቁም። ተማሪው ሙድል ላይ ኮርስ አውትላይኑን ያያል፣ የመጽሐፉን ርዕስ በእጁ ጽፎ ካታሎግ ውስጥ ይፈልጋል፣ አንድ ፊደል ስቶ ያጣዋል፣ ከዚያ ቴሌግራም ላይ ገጹ የጎደለ ፒዲኤፍ ያወርዳል። መጽሐፉ ግን መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሏል።

የምንፈልገው ተማሪው ኮርሱን ሲከፍት መጽሐፉ ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ፣ ስንት ኮፒ እንዳለ፣ የወጣው መቼ እንደሚመለስ እዚያው እንዲያይ ነው። ዋናው ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂው ኮምቦልቻ ነው። መደበኛ ተማሪ አለ፣ የቅዳሜና እሁድ አለ፣ ክረምት ላይ ከየወረዳው የሚመጡ መምህራን አሉ። ለሶፍትዌር ግዢ በጀት የለም።

ኤልቲአይ የሚባለው፣ ሙድልን ከሌላ ሲስተም ጋር የሚያገናኘው ስታንዳርድ፣ የግድ ነው? ሥራውንስ ከየትኛው ጫፍ ብንጀምረው ነው ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ለተማሪው የሚታየው?

ካታሎግ_ክፍል

አብሽሩ፣ ያለ ግዢ ይሠራል።

ኤልቲአይን ለጊዜው ተዉት። ሁለቱም ወገን በዚያ ቋንቋ መነጋገር ይኖርባቸዋል፤ ሙድል ይችላል፣ ኮሃ ግን ሲጫን ይህ አብሮት አይመጣም። የሚያስፈልጋችሁ የማይበጠስ ሊንክ ነው፤ እሱ ደግሞ ኮሃ ውስጥ አለ።

ኮርስ ሪዘርቭስ የሚባለውን፣ ለአንድ ኮርስ የሚያስፈልጉትን መጻሕፍት ለይቶ የሚይዘውን ክፍል ክፈቱት። ሲጫን ዝግ ስለሆነ ሲስተም ፕሪፈረንስ ውስጥ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት በኦቶራይዝድ ቫልዩስ (የሚመረጡ ቃላት ዝርዝር) ስር የዲፓርትመንትና የተርም ዝርዝር ሙሉ፤ የዲፓርትመንቱ ዝርዝር ባዶ ከሆነ ኮርስ መፍጠር አይቻልም፣ ብዙ ሰውም «አልሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ኮርሱን ከፈጠራችሁ በኋላ መጻሕፍቱን በባርኮድ አንድ በአንድ ታስገባላችሁ። ስድስት ኮፒ ካለ ስድስቱንም ሪዘርቭ አታድርጉ፤ ሁለቱ ለሁለት ሰዓት ውሰት ይቀመጡ፣ አራቱ በመደበኛው ይውጡ። መጽሐፉ ሪዘርቭ ላይ እስካለ ድረስ የውሰት ዓይነቱንና መደርደሪያውን በጊዜያዊነት መቀየር ይቻላል፤ ኮርሱ ሲዘጋ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የሁለት ሰዓቱ ውሰት እንዲሠራ ግን በሰርኩሌሽን ሕጉ ላይ መለኪያው ከቀን ወደ ሰዓት መቀየር አለበት። ይህ ከተረሳ «2» ያላችሁት ሁለት ቀን ይሆናል፤ ፈተና ሰሞን ሁለት ቀን ብዙ ነው።

አሁን ለእያንዳንዱ ኮርስ በካታሎጉ ላይ የራሱ ገጽ ይኖረዋል። የመጽሐፉ መለያ ቁጥር፣ ያለበት ግቢ፣ መደርደሪያ ላይ መኖር አለመኖሩ፣ የሚመለስበት ቀን ሁሉ እዚያ ይታያል። ሙድል ላይ የምትለጥፉት የዚያን አንድ ገጽ ሊንክ ብቻ ነው። መጽሐፍ ሲጨመር ወይም ሲወጣ ገጹ ራሱ ይለወጣል፣ ሙድልን መንካት አያስፈልግም።

ሊንኩ የሚሞትባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የፍለጋ ውጤት አድራሻ መቅዳት ነው። ያ አድራሻ ጥያቄውን እንጂ መጽሐፉን አይዝም፣ ነገ ሌላ ነገር ያመጣል። ለነጠላ መጽሐፍ መቀዳት ያለበት መጨረሻው ላይ ቢብሊዮነምበር የሚል ቃልና ቁጥር ያለው አድራሻ ነው። ሁለተኛው የተደገሙ መዝገቦችን ሲያዋህዱ የተለጠፈውን ቁጥር ማጥፋት ነው፤ ሲዋሃዱ ሙድል ላይ ያለው ቁጥር እንዲተርፍ ምረጡ። ሦስተኛው ደግሞ በየሴሚስተሩ ኮርሱን ሰርዞ እንደ አዲስ መፍጠር ነው። አዲስ ቁጥር ይይዛልና ሊንኩ ባዶ ገጽ ያሳያል። ዝጉት፣ በሚቀጥለው ዓመት መልሳችሁ ክፈቱት።

ደሴና ኮምቦልቻ የየራሳቸው ኮሃ ካላቸው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ኮሃ ከሁለት ቅርንጫፍ ጋር አድርጉት። ለየብቻ ሲሆኑ ቁጥር 512 አንዱ ጋ ሀይድሮሊክስ፣ ሌላው ጋ የወንጀል ሕግ ይሆናል። በቅርንጫፍ ከተሠራ የኮምቦልቻ ተማሪ የደሴውን ኮፒ ሆልድ ጠይቆ (ይያዝልኝ ብሎ) በግቢው መቀበል ይችላል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መኪናው በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢመላለስ ይበቃል።

ሰርቨር_ክፍል

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ግን በተግባር ሲታይ ከሊንክ ስህተት ሁሉ የሚበዛው በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር የግቢ ውስጥ አድራሻ መለጠፍ ነው። ቢሮ ተቀምጠው ሲሞክሩት ይከፍታል። ተማሪው ሰኞ ገበያ ካለው ኪራይ ቤቱ ሆኖ በሞባይል ዳታ ሲነካው ዝም ይላል። ስለዚህ ለካታሎጉና ለሪፖዚተሪው የዶሜይን ስም ይውጣላቸው፣ በስሙ ብቻ ይለጠፍ። ከግቢ ውስጥ ስሙ ወደ ውስጠኛው አድራሻ፣ ከውጭ ወደ ሕዝባዊው አድራሻ እንዲመራ ዲኤንኤሱን (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን) በሁለት በኩል ማዘጋጀት ይቻላል። ተማሪው አንድ ሊንክ ያውቃል፣ ግቢ ውስጥ ያለውም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ካታሎጉን አያጣም።

ሙድል በኤችቲቲፒኤስ፣ ኮሃ በኤችቲቲፒ ከሆነ ካታሎጉን ሙድል ገጽ ውስጥ መክተት አይቻልም፤ ብሮውዘሩ ይከለክላል፣ ተማሪው የሚያየው ነጭ ሳጥን ነው። ለኮሃም ሰርተፊኬት ይውጣለት፣ ነጻ የሚሰጡ አሉ። እስከዚያው ሙድል ላይ ዩአርኤሉን ስትጨምሩ አከፋፈቱን «አዲስ መስኮት» አድርጉት። ሰርተፊኬቱ ከወጣ በኋላም እኔ አዲስ መስኮት እመርጣለሁ፣ በስልክ ላይ ገጽ ውስጥ ገጽ አይነበብም።

ተጠቃሚ ስም ላይ ደግሞ አጥብቄ እናገራለሁ። የተማሪ መታወቂያ ቁጥራችን ውስጥ እዝባር አለ፣ እንደ 1234/15። ሙድል ለተጠቃሚ ስም የሚቀበለው ትንንሽ የላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ የስር መስመርና የኢሜይል ምልክቱን ነው፤ እዝባር አይቀበልም። ስለዚህ የተጠቃሚ ስሙን 1234-15 አድርጉና ትክክለኛውን ከነእዝባሩ የመለያ ቁጥር በሚለው መስክ አስገቡት። ኮሃ ላይም ካርድ ቁጥሩ ከነእዝባሩ ይሁን፣ መግቢያ ስሙ ግን ከሙድሉ ጋር አንድ ይሁን። ኤልዳፕ (የተጠቃሚዎች አካውንት በአንድ ቦታ የሚያዝበት ማውጫ) ካለ ሁለቱንም ከእሱ ጋር አገናኙ፣ ፓስወርዱ አንድ ይሆናል። ከሌለ ከሬጂስትራር የሚመጣውን አንድ ሲኤስቪ (የሰንጠረዥ ፋይል) ለሁለቱም ተጠቀሙ እንጂ ሁለት ሰው ለየብቻ እንዳይጽፈው።

ሲኤስቪውን ኤክሴል ላይ ስትከፍቱ የመታወቂያውን ዓምድ አስቀድማችሁ ቴክስት አድርጉት። ካልሆነ 9/12 ቀን ይሆናል፣ በዜሮ የሚጀምረውም ዜሮውን ይጥላል። ስትጨርሱ በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ፣ አለዚያ በአማርኛ የተጻፈ ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ኮሃ ላይ ስታስገቡ ማመሳከሪያው ካርድ ቁጥር ይሁን፤ በስም ካመሳከራችሁ በአባት ስምና በቤተሰብ ስም ግራ መጋባት አንድ ተማሪ ሦስት አካውንት ይኖረዋል። የክረምት ተማሪዎች አካውንት የሚያበቃበትን ቀን ደግሞ ለየት አድርጋችሁ አስሉ፤ ከመደበኛው ጋር ሰኔ ላይ ከተዘጋ እነሱ ሐምሌ ሲመጡ መግቢያ ያጣሉ።

የላይብረሪ ሰው ሙድል ውስጥ እንዴት ይግባ የሚለውን ማንም አላነሳም። አድሚን መሆን አያስፈልገውም፣ አደጋም ነው። ማስተካከል የማይችለውን መምህር ሮል ቅዱና «ላይብረሪያን» በሉት። ሳይመዘገብ ኮርስ ማየት፣ አክቲቪቲ ማስተካከልና ዩአርኤል መጨመር ፍቀዱለት፤ የተማሪ ውጤት ማየትን ዝጉበት። ይህን ሮል በኮርስ ሳይሆን በካታጎሪ ደረጃ ስጡት፣ በፋኩልቲው ስር ባሉ ኮርሶች ሁሉ ላይ ይሠራል። መምህራን ሊንኩን ራሳቸው እንዲለጥፉ መጠበቅ ግማሹ ኮርስ ባዶ ሆኖ እንዲቀር መፍቀድ ነው።

ሲቪል_መምህር

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልቃወም። ሊንክ ብቻ የሚለው ሐሳብ መረብ ላለው ሰው ነው። ከወረኢሉ ወይም ከከላላ ወደ ክረምት የሚመጣው መምህር ክረምቱ ሲያልቅ ይመለሳል፣ አሳይመንቱን እዚያው ይሠራል፣ ኔትወርኩ አንዳንዴ ይመጣል አንዳንዴ አይመጣም። የሙድል የስልክ አፕ ኮርስን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ ያደርጋል፤ የሚያወርደው ግን እንደ ፋይል፣ ገጽና ቡክ ያሉትን ነው። ዩአርኤል አይወርድም፣ ስሙ ብቻ ይቀራል። መምህር ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ የሚለጥፈው ደንብ ጠልቶ ሳይሆን አንዴ ከወረደ ስልኩ ላይ ስለሚቀር ነው። ለዚህ መልስ ካልተገኘ ተማሪው ከቴሌግራም አይወጣም።

ካታሎግ_ክፍል

መምህር፣ ልክ ነዎት፣ የመጀመሪያው መልሴ ይህን አላየም። እንግዲህ በሦስት እንክፈለው።

የዩኒቨርሲቲው የራሱ የሆነ፣ ማለትም ሞጁል፣ ሃንድአውት፣ ባለቤቱ የፈቀደው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ደግሞም በክፍት ፈቃድ የወጡ የመማሪያ መጻሕፍት በፋይል ይጫኑ፣ በአፑ ይውረዱ። የግዢ መጽሐፍ ምዕራፍ ከሆነ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማር የሚደረግን ማባዛት በልኩ ይፈቅዳል፤ ዓላማው ከሚጠይቀው መብለጥ የለበትም፣ ምንጩና ደራሲው መጠቀስ አለባቸው። አንድ ምዕራፍ፣ በኮርሱ ለተመዘገቡ ብቻ፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሚደበቅ ከሆነ ይህን መንፈስ የጠበቀ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙሉውን መጽሐፍ ቃኝቶ መጫን ግን አይደለም። ቀሪው ሁሉ ሊንክ ይሁን። ግን በባዶ ዩአርኤል ፈንታ «ገጽ» በሚለው ውስጥ ርዕሱን፣ ደራሲውን፣ የመደርደሪያ ቁጥሩን፣ የሚነበቡትን ገጾችና ሊንኩን አብራችሁ ጻፉ። ገጽ ይወርዳልና ተማሪው ያለ ኔትወርክም ቢሆን ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

የሚጫነውም ይቅለል። 30 ገጽ ምዕራፍ በቀለም በ300 ዲፒአይ ሲቃኝ በቀላሉ ከ20 ሜጋ ባይት ያልፋል። ያው ምዕራፍ በጥቁርና ነጭ ሲሆን ወደ 2 እና 3 ሜጋ ይወርዳል፣ ጽሑፉም ይጠራል። ፎቶ ያለበትን ገጽ ብቻ በግራጫ ቃኙ። ከዚያ በቴሰራክት (የተቃኘን ምስል ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም) አሳልፉት፣ የአማርኛ ሞዴል አለው፤ ጽሑፉ የሚፈለግ ይሆናል። ጥራቱ የቆየ ኅትመት ላይ ስለሚዋዥቅ አንድ ሁለት ገጽ አንብባችሁ አረጋግጡ።

ሰርቨር_ክፍል

እግረ መንገድ፦ አንዱን ፋይል አሥር ኮርስ ላይ መጫን ዲስክ ይበላል ብላችሁ አትስጉ። ሙድል ፋይልን በይዘቱ ስለሚያውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ያስቀምጠዋል። ይህ የሚሆነው ግን ያው ፋይል ከሆነ ነው፤ እያንዳንዱ መምህር ለየብቻ ከቃኘው አሥር የተለያየ ፋይል ነው። ስለዚህ ላይብረሪው አንዴ ይቃኝ፣ ሁሉም ከእሱ ይውሰድ።

ሪዘርቭ_ዴስክ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ጠራ። ሁለት ቀረኝ። የሪሰርች ፎር ላይፍ (ለታዳጊ አገሮች ተቋማት የምርምር መጽሔት በነጻ ወይም በቅናሽ የሚያቀርብ ፕሮግራም) መጽሔቶችን ከግቢ ውጭ ላለ ተማሪ ሙድል ላይ እንዴት እናድርግ? የዲስፔሱ ሊንክ ደግሞ ገጹ ላይ ያለውን አድራሻ ስንቀዳ ጭራሽ አይከፍትም።

ኢ_ሪሶርስ

በመጀመሪያው ልጀምር። የተቋሙን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ሙድል ላይ እንዳትጽፉ፤ የተቆለፈ ኮርስም ቢሆን ስክሪንሾቱ በአንድ ቀን ቴሌግራም ላይ ይደርሳል። ፓስወርዱ ለተመዘገበው ተቋም አባላት ብቻ ነው። ሲሰራጭና ብዙ ጽሑፍ በጅምላ ሲወርድ አሳታሚዎች ተቋሙን ይዘጋሉ፣ ቅጣቱም ምንም ያላጠፋው ተማሪ ላይ ይወድቃል። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚያገኙት አገሮች ውስጥ ስለሆነች ይህ ቢዘጋ የሚተካው በብዙ ገንዘብ ነው።

በሙድል ላይ ለየፋኩልቲው የሚስማማውን ክፍል አስቀምጡ፦ ለጤና ሂናሪ፣ ለግብርና አጎራ፣ ለአካባቢ ሳይንስ ኦኤር፣ ለኮምቦልቻው ቴክኖሎጂ አርዲ፣ ለሕግ ጎዋሊ። ከስሩ «ፓስወርዱን በመታወቂያ ከላይብረሪው ይጠይቁ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ተቋሙ ኢዚፕሮክሲ (ከግቢ ውጭ ያለን ተማሪ በተቋሙ ስም የሚያስገባ ሶፍትዌር) ካለው ተማሪውን በራሱ አካውንት ያስገባል፤ ያኔ የሚለጠፈው የፕሮክሲው መግቢያ ከፊት፣ የጽሑፉ ዲኦአይ (የማይለወጥ መለያ አድራሻው) ከኋላ ሆኖ ነው። ጽሑፉን ከከፈቱ በኋላ ብሮውዘሩ ላይ የሚታየውን አድራሻ መቅዳት ስህተት ነው፤ ፕሮክሲው የቀየረው ጊዜያዊ አድራሻ ስለሆነ ሌላ ሰው ሲነካው ላይሠራ ይችላል።

ዲስፔሱ ላይ ያለውን ሊንክ ተመልከቱት፣ ውስጡ 123456789 የሚል ቁጥር አለበት? ይህ ዲስፔስ ሲጫን የሚመጣ የሙከራ ቅድመ ቁጥር ነው፤ በሃንድል ሲስተሙ (ቋሚ መለያ አድራሻ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር) ያልተመዘገበ ስለሆነ ዓለም አቀፉ አድራሻ ወደ እናንተ ሰርቨር አይመራም። እስኪመዘገብ ድረስ የራሳችሁን ሰርቨር ስም፣ ከዚያ ሃንድል የሚለውን ቃልና ቁጥሩን አድርጋችሁ ለጥፉ። ወደ ፒዲኤፉ በቀጥታ ሳይሆን ወደ መዝገቡ ገጽ ይሂድ፤ ፋይሉ ሲተካ ሊንኩ እንዳይሞት።

ሰርቨር_ክፍል

በዚህ ላይ አንድ ጨምሬ ላብቃ። አድራሻው ውስጥ ኤክስኤምኤልዩአይ ወይም ጄኤስፒዩአይ የሚል ካለ ዲስፔሳችሁ ከ7 በፊት ያለ ነው። 7ኛው እትም በ2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሁለቱም ገጽታዎች ቀርተዋል፤ ስታሻሽሉ የቆዩት ሊንኮች በሙሉ «አልተገኘም» ይላሉ። ዌብ ሰርቨሩ ላይ ያንን ቃል ቆርጦ ወደ አዲሱ የሚያሻግር ሪዳይሬክት ከማሻሻያው ቀን በፊት ጻፉ። ሙድል ውስጥ የተለጠፉትን ደግሞ ከዳታቤዙ የዩአርኤል ሰንጠረዥ ላይ ፈልጋችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፤ በዚያው 192.168 ያለባቸውንም ፈልጉ። ሙድል በጅምላ ፈልጎ የሚተካ መሣሪያ በአድሚን በኩል አለው፤ ወደ ኋላ አይመለስምና ባክአፕ ሳትይዙ አትንኩት። የተዘጉ የአምና ኮርሶችንም አትዝለሏቸው፤ መምህሩ በመስከረም ሪስቶር የሚያደርገው እነሱን ነው፣ የሞተው ሊንክም አብሮ ይነሣል።