ዊንጌ ውሃ ይገባዋል፤ ጎሚስታው ግን «ቀዳዳ የለውም» አለኝ

ጀልባ ጠጋኙ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የጀልባ ጥገና ነው። እዚህ ጣና ላይ ፕሮፔለር በመረብ ሲታነቅ ወይም መልሕቅ ሲጠፋ እኔ ነኝ የምጠራው። መጥለቅ የተማርኩት ጅቡቲ ስሠራ ነው፤ ዕቃውንም ያገለገለ እዚያው ገዝቼ ነው የመጣሁት። ዊንጉ (ጀርባ ላይ የሚታዘለው፣ አየር እየተነፋ ጠላቂውን የሚያንሳፍፈው ከረጢት) ክብ፣ ለአንድ ሲሊንደር የሚሆን ነው፤ 14 ኪሎ ያነሳል የሚል ተጽፎበታል።

ቅዳሜ ዕለት ዘጌ አጠገብ የወደቀ ሞተር ለማውጣት 6 ሜትር ወረድኩ። ሥራው ሰላም ነበር። ስመለስ ግን መሰላሉን መውጣት አቃተኝና ልጆቹ በትከሻዬ ጎትተው አወጡኝ። ዊንጉን ገልብጬ፣ ቱቦውን ወደ ታች ይዤ የማስተንፈሻውን ቁልፍ ብጫነው ቡናማ ውሃ ተንዠቀዠቀ። ባለ አንድ ተኩሉን ሃይላንድ ሞላው።

ማታ ነፍቼ አሳደርኩት፤ ጠዋት ለስልሶ አገኘሁት። የውጭውን ልብስ ዚፑን ከፍቼ ከረጢቱን ብቻ ይዤ ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። ሰውየው እንደ ባጃጅ ጎማ ገንዳው ውስጥ እያዞረ ነከረው። አንድም አረፋ የለም። «ይሄ ከእኔና ከአንተ የበለጠ ጤነኛ ነው» አለና ሂሳቡን ተቀበለኝ። ከፈለግህ ስፌቱን በማስቲሽ ልለብጥልህ ሲለኝ እምቢ ብዬ መጣሁ። ታዲያ ውሃው በየት ገባ?

ባለሞተሩ

ወንድሜ፣ ያ ሁሉ ውሃ እኮ ወደ ታች ነው የሚጎትትህ! ሳታስጠግን እንዳትወርድ። ጉማሬውስ አያስፈራህም?

የታጁራው ጠላቂ

ማስቲሹን እምቢ ማለትህ ደግ አደረግህ። ማስቲሽ ለጎማ ነው። የዊንግ ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ ዩሬታን የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ የሚይዘው የዩሬታን ማጣበቂያ ነው።

ባለሞተሩ፣ አይጎትተውም። የጣና ውሃ ጣና ውስጥ ክብደት የለውም። የሚያደርገው የአየሩን ቦታ መሻማት ነው፤ ከ14 ኪሎው አንድ ተኩሉ ሄደ ማለት ነው። ክብደቱ የሚሰማህ ከውሃ ስትወጣ ነው፣ መሰላሉ ላይ እንደሆነው።

አሁን ጥያቄዬ፦ ጎሚስታው ሲነክረው ቫልቮቹንም ነክሯል? ከታች በክር የሚጎተተውን የአየር ማስወጫ ቫልቭ እጠረጥራለሁ። ቀጥ ብለህ ስትቆም አየሩ ወደ ትከሻህ ይሰበሰባል፤ እታች ያለው ቫልቭ ላይ ከውጭ ያለው ግፊት ከውስጡ ይበልጣል። ማሸጊያው ላይ ትንሽ ነገር ከተቀረቀረ ውሃው በዚያ ሰርጎ ይገባል እንጂ አየር አይወጣም። ስለዚህ ጓደኛህ ከኋላህ ሆኖ ቢያይ እንኳ አረፋ አያገኝም። በእጅህ ፍታው፣ ፒንሳ አታስጠጋ። ስፕሪንጉ ተፈናጥሮ እንዳይጠፋብህ ጨርቅ ላይ ሆነህ ፍታ።

ጡረተኛው ባሕረኛ

ልጄ፣ እኔ እስከ 1982 ምጽዋ ነበርኩ። ያኔ ይሄ ዊንግ የምትሉት ነገር እኛ ዘንድ አልነበረም፤ ኋላ ነው ያየሁት። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ለመውረድ ስታስተነፍስ ቁልፉን እስከ መቼ ነው ተጭነህ የምትይዘው? አየሩ ካለቀ በኋላ ቁልፉ እንደተጫነ፣ ቱቦው ወርዶ ከቀረ፣ በሩን ከፍተህ ውሃውን ግባ እያልከው ነው። ቱቦውን ከፍ አድርግና እየቆራረጥህ ተጫን።

ደግሞ ለመስመጥ የምትታጠቀውን የእርሳስ ክብደት እንደ ጅቡቲው እንዳለ ታጥቀህ ከሆነ ቀንስ። ጣና ጨው የለውም፤ ሁለት ኪሎ ያህል ይበዛብሃል፤ እሱን ለመሸከም ዊንጉን ያለ ምክንያት ስትነፋና ስታስተነፍስ ትውላለህ። ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኑንም አትርሳ፤ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየውን የባሕሩን ሰንጠረዥ እንዳለ አትጠቀም። ጠልቀህ በወጣህበት ቀን ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ዳገት አትነሳ።

ጀልባ ጠጋኙ (ባሕር ዳር)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እውነትዎን ነው፤ ቁልፉን ተጭኜ እስክሰምጥ እይዘው ነበር። እርሳሱም ያው የጅቡቲው ነበር፣ ሁለት ኪሎ አወረድኩ።

ታጁራ፣ ጎሚስታውን አስታውሼ ሳቅሁ። ለካ ሲነክረው የያዘው በቫልቩ በኩል ነው! እሱ እጁ ውስጥ ሆኖ ሌላው ሁሉ ተነከረ። እቤት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ቫልቩን ብቻ ደፍቄ ጠበቅሁ፤ በየአምስት ስድስት ሰከንዱ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረፋ ብቅ ትላለች። ፈታሁት። ጎማው ሥር ጥቁር፣ የዶሮ ላባ ጫፍ የመሰለ ጭረት ተጋድሟል፤ የእምቦጭ ሥር። ከእሱ ጋር ትንሽ ደለል። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጥቤ መለስኩት። ሌሊቱን አደረ፣ ጠዋት እንደ ከበሮ ነው።

ትናንት 5 ሜትር ወርጄ ስመለስ ግን ግማሽ ስኒ ያህል ወጣ። ሌላም ቦታ ይኖር ይሆን?

የታጁራው ጠላቂ

ግማሽ ስኒ የማንም ነው፣ ተወው። ቁልፍ በነካህ ቁጥር ትንሽ መግባቱ አይቀርም። ይልቅ ውስጡን በቧንቧ ውሃ እያለቀለቅህ፣ በደንብ አንጠፍጥፈህ፣ ትንሽ ነፍተህ ጥላ ላይ ስቀለው። የጣና ዳር ውሃ ንጹሕ አይደለም፤ በአፍህ ስትነፋ ከቱቦው የሚመለሰውን እንዳትውጥ።

ባለሞተሩ

እኔ ግን ስለ ጉማሬው ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

ጀልባ ጠጋኙ (ባሕር ዳር)

ዓባይ መውጫው ጋ አልጠልቅም፣ ወንድሜ። እዚያ መልሕቅ ከጣልክ አዲስ ግዛ።