ቮልሴ ሲሞቅባት ቀጥ ትላለች፤ ፖይንት ልቀይር ወይስ ኤሌክትሮኒክ ልግጠም? (ጥቆማ)

የአባቴ ቮልስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴን የ1972 ቮልስዋገን ቢትል ተረክቤ እየነዳሁ ነው። ሞተሯ 1600፣ ካርቡሬተሯ 34 ፒክት 3 ነው። ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው) ቫኪዩም፣ ማለትም የሞተሩን የአየር ስበት የማይጠቀመው፣ 009 የሚባለው ዓይነት ነው። ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዳኋት በኋላ ግን ቀጥ ትላለች። ሩብ ሰዓት ካረፈች ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ሌላም አለ። ከቆመችበት ስነሳ ቤንዚን ስረግጥ ለአፍታ ትታነቅና ከዚያ ትሄዳለች።
ሦስት ምርጫ ተነግሮኛል። ዲስትሪቢዩተሩ ላይ እየተከፈተ እየተዘጋ ብልጭታ የሚያስነሳውን ፖይንትና አብሮት የሚሠራውን ኮንደንሰር በአዲስ መቀየር፣ ፖይንቱን አውጥቶ ኤሌክትሮኒክ ሞጁል መግጠም፣ ወይም ዲስትሪቢዩተሩን በሙሉ መለወጥ። የሞከራችሁትን ንገሩኝ። ሥራውን ለድሮ መካኒክ ልስጥ ወይስ ለመኪና ኤሌክትሪሺያን?

ክዳን የማይከፍት፦
ወንድሜ፣ ሳትውል ሳታድር ኤሌክትሮኒክ ግጠም። እኔ ከገጠምኩ አምስት ዓመቴ ነው፤ ክዳኑን ከፍቼ አላውቅም። የፖይንት እግር ካሙ (የሚዞረው ዘንግ ጉብታ) ላይ እየታሸ ይበላል። እግሩ ሲበላ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ታይሚንጉም (ብልጭታው የሚነሳበት ጊዜ) ይዘገያል። ሞጁል ላይ የሚበላ ነገር የለም።

የአባቴ ቮልስ፦
አመሰግናለሁ። እህትህ ነኝ።

መንገድ የቀረሁት፦
እህቴ፣ አደራሽን ተጠንቀቂ። እኔም እንደዚህ ተመክሬ ነው የገጠምኩት። ጋራዡ ሞጁሉን ገጠመልኝና በሰላም ሂድ አለኝ። የቆየውን ኮይል (ቮልቱን ለብልጭታ ከፍ የሚያደርገውን) ግን አልለካውም። ሦስት ወር ሠራ። አንድ ማታ ከልጆቼ ጋር ከከተማ ውጭ ስንመለስ ሞተሩ ጠፋ። ጠፋ ስል ጠፋ! ሳል የለ፣ ማንገራገር የለ። ፖይንት ቢሆን በፋይል ቢጤ ጠረግ አድርጌው ቤቴ እገባ ነበር። ሞጁል ግን አይጠረግም። ልጆቼ ብርድ ላይ አራት ሰዓት ቁጭ አሉ። ጋራዡ በማግስቱ ምን አለኝ? የኤሌክትሪክ ዕቃ ዋስትና የለውም። ኮይሉን ሌላ ሰው ሲለካው 1.5 ኦም ሆኖ ተገኘ። የሞጁሉ ወረቀት ደግሞ ለአራት ሲሊንደር ከ3 ኦም እንዳያንስ ይላል። ወረቀቱን ያነበበ ሰው አልነበረም።

ሁለት ሞጁል ያቃጠለ፦
እኔም ተቃጥሎብኛል። የመጀመሪያውን የፕላስና የማይነስ ሽቦውን ያቀያየሩት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ እንደተከፈተ ሬዲዮ ስሰማ ቆይቼ ነው።

ክዳን የማይከፍት፦
ታዲያ ይሄ የሞጁሉ ጥፋት ነው? ሽቦ ማቀያየርና ቁልፍ ከፍቶ መቀመጥ የሰው ጥፋት ነው። ፖይንትም ቢሆን ዘግቶ ከቆመ ቁልፍ ተከፍቶ ሲቆይ ኮይል ያቃጥላል።

መንገድ የቀረሁት፦
ሞጁል ሻጭ ነህ እንዴ? ልጆቼ ብርድ ላይ ነበሩ እያልኩህ ነው።

ጆሮው የሚበቃ መካኒክ አለኝ፦
ለምን ትጨቃጨቃላችሁ? እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ መካኒክ ጋ ነው የምሄደው። ስትሮቦስኮፕ (ታይሚንግ የሚታይበት መብራት) አያውቅም፣ ቴስተር አያውቅም። ሞተሩን ያስነሳል፣ ዲስትሪቢዩተሩን ትንሽ ዘወር ያደርጋል፣ ያዳምጣል፣ ያጠብቀዋል። አልቋል። ቮልስ እንደሱ የሚያውቅ የለም። እሱ 009 ይሻላል ካለ ይሻላል።

ባለ መብራቱ፦
መካኒክህን አከብራለሁ። ግን ጆሮ ሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ላይ ያለውን ይሰማል እንጂ 3000 ዙር ላይ ታይሚንጉ የት እንደደረሰ አይነግርህም። 009 ላይ ዋናው ቁጥር እዚያ ላይ ያለው ነው። ፒስተኑ ላይኛው ነጥብ ከመድረሱ በፊት ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ውስጥ መሆን አለበት። ከዚያ ካለፈ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተንም ሊያበላሽ ይችላል።

ጆሮው የሚበቃ መካኒክ አለኝ፦
ሃያ ዓመት አንድ ፒስተን አላጣሁም።

ቤንዚን ነው ባይ፦
እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ቤንዚን ነው። ቱቦው ሞተሩ አጠገብ ሞቆ ቤንዚኑ ይተናል። ፊልትሮውን ከሞተር ክፍል አውጪው። ደግሞ ካንዴላሽ የትኛው ነው? እኔ ካንዴላ ስቀይር ብዙ ነገር ተስተካክሎልኛል።

ሁለት ሞጁል ያቃጠለ፦
ካንዴላ ካነሳን፣ ክፍተቱን 0.7 ሚሊሜትር ነው ወይስ 0.6 የምታደርጉት?

ቴስተር ያዢ፦
እህቴ፣ ከመግዛትሽ በፊት ትንሽ ታገሺኝ። የጻፍሽው ሁለት የተለያየ በሽታ ነው፤ ሁሉም እንደ አንድ እየመለሱልሽ ነው። ሲሞቅ ቀጥ ማለቱ አንድ፣ ስትነሺ መታነቋ ሌላ።
የመጀመሪያው ሲሞቅ ስለሚመጣ ሲበርድ ብትመረምሪው አታገኚውም። ቀጥ ባለች ቅጽበት ነው የምትይዢው። መለዋወጫ ካንዴላ መኪናሽ ውስጥ ይኑር። ስትጠፋ የአንዱን ሲሊንደር ገመድ ነቅለሽ እሱ ላይ ስኪው፣ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኪው፣ ሌላ ሰው ቁልፍ ያዙርልሽ። ገመዱን በጎማው በኩል ያዢ፤ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ነገር አጠገብ አታድርጊው። ሰማያዊ ጠንካራ ብልጭታ ካየሽ ቤንዚን ያለው ወንድማችን ልክ ሊሆን ይችላል። ደካማ ቢጫ ከሆነ ወይም ከሌለ ጉዳዩ እሳት ነው።
ከዚያ ኮይሉ ላይ 15 የሚለውን ተርሚናል ለኪ። ቁልፉ ተከፍቶ፣ ፖይንቱ ተዘግቶ ከባትሪው ብዙ ካነሰ ኮይሉን አትውቀሺ። መንገዱ ላይ ያለው ሽቦ ወይም የቁልፉ ማስነሻ ደክሟል ማለት ነው። ቀጥሎ 1 የሚለውን ለኪ። ፖይንቱ ሲከፈት 12 ቮልት አካባቢ፣ ሲዘጋ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ሲዘጋም ካልወረደ ፖይንቱ ተቃጥሏል፣ ወይም በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለችው ቀጭን የማሳ (ግራውንድ) ሽቦ ተበጥሳለች። ያቺን ሽቦ ብዙ ሰው አያያትም። ኮይሉ ራሱ ሽቦዎቹ ተነቅለው በ15 እና በ1 መካከል 3 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ሲሞቅም ድገሚው።
ኮንደንሰርን በቴስተር ማመን አልወድም። 009 ላይ ከውጭ ስለሚታሰር የድሮውን ሽቦ ነቅለሽ ደህናውን በቦታው ማሰር አስር ደቂቃ አይፈጅም።
መታነቋን ደግሞ ፖይንትም ሞጁልም አያድናትም። 34 ፒክት 3 የተሠራው ከቫኪዩም ዲስትሪቢዩተር ጋር እንዲሄድ ነው። ቤንዚን ስትረግጪ ሞተሩ እሳቱን ቶሎ ይፈልጋል። ቫኪዩም ወዲያው ያስቀድመዋል። 009 ግን የሚያስቀድመው በዙር ብቻ ስለሆነ ዙሩ እስኪወጣ ይጠብቃል። አንቺ የምታዪው መታነቅ ያ መጠበቅ ነው።
ዲስትሪቢዩተሩን ለኤሌክትሪሺያን ወይም ለመካኒክ ስጪ፣ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂው። ዘንጉ ወደ ጎን ይነቃነቃል ወይ? ሊለካው ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ጋ አትተዪው። የሚነቃነቅ ዘንግ ላይ የፖይንት ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ብታደርጊም አይጸናም።

መንገድ የቀረሁት፦
ይሄን የሚያህል ምክር ያኔ ባገኝ ኖሮ።

የአባቴ ቮልስ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ቀጥ አለችልኝና ሞከርኩት። ብልጭታው ቢጫና ደካማ ነበር። 15 ላይ ደህና ቮልት አለ። ኮይሉ ስትሞቅም 3.2 ኦም አሳየኝ። ከአባቴ የዕቃ ሳጥን ውስጥ ያገኘሁትን ኮንደንሰር አሰርኩና ከአንድ ሰዓት በላይ ነዳሁ፤ አልጠፋችም። መታነቋ ግን እንዳለ ነው። እዚያው ሳጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ሁለት የቫኪዩም ቱቦ መግቢያ ያለው ዲስትሪቢዩተር አግኝቻለሁ። አባቴ ለምን አውጥቶት እንደነበር አላውቅም።

ቴስተር ያዢ፦
ደስ ይላል። መጀመሪያ የቫኪዩሙን ዲያፍራም (በስበቱ የሚንቀሳቀሰውን ስስ ሽፋን) ፈትሺ። ቱቦ ሰክተሽ በአፍሽ ሳቢና መግቢያውን በምላስሽ ዝጊው። ፖይንቱ የተቀመጠበት ሳህን ተንቀሳቅሶ እዚያው ከቆየ ደህና ነው። ከተመለሰ ተቀዷል፤ ምናልባት አባትሽ ያወጡትም ለዚህ ይሆናል። ሁለቱንም መግቢያ ፈትሺ። አደራ፣ በ009 ታይሚንግ አታስሪው። ባለ ሁለት ቱቦው ቱቦዎቹ ተሰክተው ሚኒሞ ላይ የሚታሰረው ከላይኛው ነጥብ 5 ዲግሪ በኋላ ነው። 009 ደግሞ ሞተሩ ቆሞ ሲታሰር 7.5 ዲግሪ በፊት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሳስቶ ዲስትሪቢዩተሩን ይወቅሳል።

ጆሮው የሚበቃ መካኒክ አለኝ፦
እኔ ብሆን ሁለቱንም ይዤ መካኒኬ ጋ ነበር የምሄደው።

ክዳን የማይከፍት፦
ታዲያ ኤሌክትሮኒኩን ተውሽው ማለት ነው? ቫኪዩም ላለውም ሞጁል አለ እኮ።

ሁለት ሞጁል ያቃጠለ፦
የካንዴላውን ክፍተት የመለሰልኝ የለም። 0.6 ወይስ 0.7?