700 ፈረስ ጉልበት ያለው ሲልቨራዶ መነሻው ላይ መሬት አልይዝ አለኝ፤ ከጎማ ልጀምር ወይስ ከባሌስትራ?

ናቲ ዘዳላስ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ድራግ (የአጭር ርቀት ቀጥታ የመኪና ውድድር) የሚያውቅ ካለ እርዱኝ። 2004 ሲልቨራዶ አለኝ። ነጠላ ጋቢና፣ ካሶኒው አጭር፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ። 5.3ቱ ሞተር ላይ ቱርቦ አስገብቼ ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ጎማው ጋ 700 ፈረስ ጉልበት አውጥቷል። ካምቢዮውም ዲፍረንሻሉም በጠንካራ ተቀይረዋል፣ ለእነሱ አልሰጋም። ችግሬ መነሻው ነው። ኤኒስ ያለው የድራግ ሜዳ፣ ቴክሳስ ሞተርፕሌክስ ወስጄው መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ቤንዚን ስሰጠው መጀመሪያ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፣ ከዚያ የኋላው መንጠር ይጀምራል፣ ካሶኒው ድው ድው ድው ሲል የሆነ ነገር ሊሰበር ነው ብዬ እግሬን አነሳለሁ። የጊዜ ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያዋ 60 ጫማ 2.1 ሰከንድ ትላለች። ሩብ ማይሉ 12.1፣ መጨረሻው ላይ 119 ማይል በሰዓት።

ያለው ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ከተራ የመንገድ ጎማ ጋር ነው። የኋላው ዝቅ እንዲል ባሌስትራው ከአክስሉ ስር እንዲገባ ተደርጓል። ሜዳው ድረስ ራሱን እየነዳሁ ነው የምሄደው፣ ተጎታች የለኝም። ስሊክ (ጥርስ የሌለው የውድድር ጎማ) ልግዛ ወይስ ድራግ ሬዲያል (ለድራግ የተሠራ ሬዲያል ጎማ)? ባሌስትራውስ? አንዳንድ ጓደኞቼ ደግሞ ካሶኒው ላይ አሸዋ ጫንበት ይሉኛል።

ጎማ ቤት አውሮራ

ወንድሜ፣ ወረቀትህ ራሱ መልሱን ነግሮሃል። 119 ማይል የሚደርስ ፒካፕ 12.1 መምጣት የለበትም። ጉልበቱ አለ፣ መሬት ላይ አልወረደም።

ባለ 20 ኢንቹን ለከተማ አስቀምጠው። የጎማው ጎን አጭር ስለሆነ ያን ሁሉ ጉልበት ተቀብሎ የሚለጠጥበት ቦታ የለውም። ከፍ ያለ ጎን ያለው ጎማ ያስፈልግሃል፣ ማለትም ትንሽ ቸርኬ። 15 ኢንች ቸርኬ ላይ ብዙ ምርጫ አለ። 275/60 አር 15 ቁመቱ 28 ኢንች ገደማ ነው፣ 295/65 አር 15 ደግሞ 30 ኢንች። ያንተ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ጎማ ወደ 30 ይጠጋ ስለነበር ባለ 30ው የማርሽህን ሒሳብ ብዙም አይቀይርብህም፣ በ28ቱ ግን ሞተሩ ቶሎ ይጮኻል፣ መጨረሻው ላይም ዙር ሊያልቅብህ ይችላል። ያንተ የኋላ ፍሬን ዲስክ ከሆነ ግን ከመግዛትህ በፊት ለካ። ሁሉም 15 ቸርኬ የፍሬኑን ካሊፐር አያሳልፍም። ካልገባ 17 ላይ ፈልግ።

እየነዳህ ስለምትሄድ እኔ ድራግ ሬዲያል ነው የምልህ። እንደ ሚኪ ቶምፕሰን ያሉት ለመንገድ የተፈቀደውን ይሠራሉ። ግን ጥርሱ ጥልቀት የለውም። ዝናብ ከጣለ ቀስ በል፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ጎኑ ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክም አንብብ፣ በእሱ ላይ ዕቃ ጭነህ እንዳትጓዝ።

ነፋሱን ከ20 ፒኤስአይ ጀምር፣ ከዚያ አንድ አንድ እያልክ ዝቅ አድርግ። ከተነሳህ በኋላ ጓደኛህ መነሻው ላይ የቀረውን ጥቁር መስመር ይመልከትልህ። መሃሉ ጠቁሮ ዳርና ዳሩ ከሳሳ ነፋሱ በዝቷል። ዳሮቹ ጠቁረው መሃሉ ከሳሳ አንሷል። መስመሩ እኩል ሲሆን እዚያው ተወው። ስትለካ ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ለካ፣ ቀዝቃዛ ጎማና የሞቀ ጎማ አንድ ቁጥር አይሰጡህም።

ሌላው፣ ከሜዳ ሜዳ ይለያያል። እኛ ኮሎራዶ ያለነው የባንዲሜር ሜዳ በ2023 ከተዘጋ ወዲህ ወደ ፑዌብሎ ሜዳ ነው የምንወርደው። አንዱ ሜዳ ላይ የሠራልህ ነፋስ ሌላው ላይ ላይሠራ ይችላል። ጎማ እንዲይዝ የሚቀባው ሙጫ በደንብ የተቀባ መነሻና ያልተቀባ መነሻ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ሊያ ሂዩስተን

ከላይ በተባለው ብዙው እስማማለሁ፣ ሬዲያሉ ላይ ግን አልስማማም። የናቲ መኪና ከባድ ነው፣ ክብደቱ ፊት ላይ ነው፣ የኋላው ደግሞ ገና አልተስተካከለም። ሬዲያል ከያዘ አጥብቆ ይይዛል፣ ከለቀቀ ግን አለቀ፣ እግርህን ካላነሳህ አይመለስም። ባያስ (ውስጡ ያሉት ክሮች በሰያፍ የተደራረቡ) የሆነው ስሊክ ጎኑ ይጨማደዳል፣ ትንሽ ቢሽከረከርም መልሶ ይይዛል። ለሚማር ሰው ይቅር ባይ እሱ ነው።

ተጎታች የለኝም ማለት መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። ስሊኩን ከነቸርኬው ካሶኒው ላይ አስረህ ትወስዳለህ፣ ሜዳው ላይ ትቀይራለህ፣ ማታ የመንገዱን ጎማ መልሰህ አስረህ ትገባለህ። ፒካፕ መንዳት ጥቅሙ ይኸው አይደል። ግን ከኋላ ባያስ ከፊት ሬዲያል ሆኖ መጨረሻው ላይ መኪናው መዋለል ይጀምራል፣ በዚያ ፍጥነት መሪው ሲቀልብህ ያስፈራል። ስለዚህ ከፊትም ባያስ አድርግ።

አሸዋውን እርሳው። በኤንኤችአርኤ (የአሜሪካ የድራግ ውድድር ማኅበር) ደንብ ያልታሰረ ክብደት ክልክል ነው፣ የአሸዋ ከረጢት በስም የተጠቀሰ ነው። ክብደት ወደ ኋላ ከፈለግክ ባትሪውን ወደ ካሶኒው አዙር፣ ግን ያኔ ከውጭ በኩል ከኋላ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ማጥፊያ መግጠም ግዴታ ነው።

የቨርጂኒያው መካኒክ

ልጆች፣ ጎማው ላይ ተከራከሩ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እኔን ያስጨነቀኝ ያ ድው ድው የሚለው ድምፅ ነው። ናቲ፣ እግርህን ማንሳትህ ደግ አደረግክ። ክሮቼራና አክስል የሚበጥሰው እሱ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ጎማው መኪናውን ወደፊት ሲገፋ አክስሉ በተቃራኒው ይጠመዘዛል፣ የዲፍረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል። ባሌስትራው ቀጭን ብረት ነው፣ አብሮ ይጣመማል፣ ከአክስሉ ፊትና ኋላ እንደ እባብ ይሆናል። ጎማው አንድ አፍታ ሲለቅ ባሌስትራው ተፈናጥሮ ይመለሳል፣ ጎማው እንደገና ይይዛል፣ እንደገና ይጣመማል። መንጠር የምትለው ይኸው ነው። ጥሩ ጎማ ብቻ ብትገጥም ይብስበታል፣ ምክንያቱም ጎማው አጥብቆ በያዘ ቁጥር ጠመዝማዛው ይጨምራል። ስለዚህ ጎማና ባሌስትራ አንድ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው፣ አንዱን ለሚቀጥለው ዓመት አታቆየው።

እንደ ካልትራክስ ያለ ዘንግ አስገጥም። አክስሉ ሊጠመዘዝ ሲል ዘንጉ ወደፊት ይገፋና የባሌስትራውን የፊት ግማሽ ከላይ ይጫነዋል። ባሌስትራው መታጠፊያ ያጣል፣ ያ ኃይል ጎማውን ወደ መሬት ይጭነዋል። ያንተ አክስል ከባሌስትራው በላይ ስለሆነ ግን ለዚያ አቀማመጥ የተሠራውን ነው የምታዘው፣ የተራው አይገጥምም። ስትዘዝ ንገራቸው።

ቀጥሎ የዲፍረንሻሉ አፍንጫ። መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ ክብደቱ ጎማው ላይ ሆኖ፣ ከድራይቭ ሻፍቱ አንጻር 2 ወይም 3 ዲግሪ ዝቅ ይበል። ሲነሳ ወደ ላይ ስለሚሄድ ያኔ ቀጥ ይላል። መኪና ዝቅ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ይህ ይረሳል።

አሞርዛተር መጨረሻ ላይ ነው። የሚስተካከል ግዛ። ከፊት ሲዘረጋ ላላ ያለ ይሁን፣ የመኪናው ፊት ተነስቶ ክብደቱን ወደ ኋላ እንዲልክ። ግን የፊቱ ሞላ አጥሮ ከሆነ የሚዘረጋበት ቦታ የለውም፣ መጀመሪያ እሱን እይ። የኋላ ጎማው መሬቱን መትቶ ይዞ ወዲያው ከለቀቀ፣ የኋላውን አሞርዛተር መዘርጋት አጥብቀው። ስልክህን ለሰው ሰጥተህ ከጎን፣ በጎማው ከፍታ ልክ ተንበርክኮ፣ በዝግታ የሚታይ ቪዲዮ ያንሳልህ። በጎማውና በካሶኒው ጠርዝ መሃል ያለው ክፍተት ሲነሳ ቶሎ ይሰፋል ወይስ ይጠባል? ከዚያ ቪዲዮ የምታገኘውን ከማንም ምክር አታገኝም፣ ከእኔም ጭምር።

ናቲ ዘዳላስ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ገባኝ፣ ዘንጉን ከጎማው ጋር አንድ ላይ አዛለሁ። ሊያ፣ ስሊኩ ልቤን ማርኮታል፣ ግን ሜዳው ላይ ብቻዬን አራት ጎማ መቀየር ስለሚከብደኝ ለጊዜው በሬዲያል እጀምራለሁ። አንድ ጥያቄ፦ ቡስቱን (ቱርቦው የሚሰጠውን የአየር ግፊት) መነሻው ላይ ልቀንስ?

ጎማ ቤት አውሮራ

አዎ፣ ቀንስ። አንደኛ ማርሽ ላይ ዝቅ አድርገህ ሁለተኛ ላይ ጨምር። ጎማ ስታሞቅ ደግሞ ከመነሻው በፊት ያለው ውሃ ውስጥ አትግባ። የፊት ጎማህ ጥርስ ስላለው ውሃ ይዞ መነሻው ላይ ይረጭብሃል። ዞረህ አልፈህ በኋላ ማርሽ ተመለስ፣ የኋላ ጎማውን የውሃው ጠርዝ ላይ አርጥበው፣ ወጣ ብለህ አሽከርክረው። ሬዲያል ቀጭን ጭስ ሲያሳይ ይበቃዋል።

የቨርጂኒያው መካኒክ

ናቲ፣ ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር። 60 ጫማውን ወደ 1.6 ካወረድከው ሩብ ማይሉ ከ11.49 በታች መግባቱ አይቀርም። እንዳንተ ባለ አሮጌ መኪና ከ11.49 ጀምሮ ወደ ታች ሮል ባር (መኪናው ሲገለበጥ ሰው የሚጠብቅ የብረት ቅስት) ግዴታ ነው፣ ከሌለህ ይመልሱሃል፣ መመለሳቸውም ትክክል ነው። ሄልሜትማ ከ13.99 ጀምሮ ወደ ታች ነው፣ እስካሁን አድርገህ እንደነበር ተስፋ አለኝ። የድራይቭ ሻፍት መያዣ ቀለበቱን ደግሞ በሬዲያልም ቢሆን አሁኑኑ አስገጥም። የፊተኛው ክሮቼራ ሲበጠስ ሻፍቱ አስፋልቱን ወግቶ መኪናውን ሊገለብጠው ይችላል። አዲሱን ቸርኬ ስታስር ዳዶው ቡሎኑ ላይ ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል መግባቱን ቁጠር፣ ያንተ 14 ሚሊ ነው። የመጀመሪያውን ሩጫ ስትጨርስ እንደገና አጥብቀው።