ለሆስፒታሉ ማስፋፊያ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

የኮሚቴው ጸሐፊ፦

ጎረቤቶቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እሁድ በዕድር ቤቱ ያልተገኛችሁ ብዙ ናችሁና ከመነሻው ልጀምር። ሆስፒታሉ ሊሰፋ ነው። የሚፈለገው ቦታ ከምሥራቁ አጥር ጀምሮ ወፍጮ ቤቱን አልፎ እስከ ወንዙ ያለው ነው። ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ለመኖሪያ የተመደበ ነው። ስለዚህ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የመሬት አጠቃቀሙ መቀየር አለበት። ለውጡ ገና አልጸደቀም። ወረዳው "የነዋሪውን ሐሳብ በጽሑፍ አምጡ" ብሎናል።

የመጀመሪያው ረቂቅ አንድ ገጽ ነው። ዋናው ሐሳብ ይህ ነው፦ "የሰፈሩ ነዋሪ የመሬት አጠቃቀም ለውጡን ሙሉ በሙሉ ይቃወማል፤ ለማስፋፊያው ሌላ ቦታ ይፈለግ።" እሁድ አብዛኛው ሰው ያለው ይህንን ስለሆነ እንደተባለው ጻፍኩት። ቤት ገብቼ ሳነበው ግን ከበደኝ። ባለፈው ክረምት አባቴ ሌሊት ሲታመም ተሸክመን ያደረስነው እዚያው ሆስፒታል ነው። እስቲ አንብቡና የመሰላችሁን ጻፉ።

የዕድሩ ዳኛ፦

ልጄ፣ ድካምሽን እግዜር ይቁጠርልሽ። እኔ ግን ረቂቁ ባለበት ይሂድ ባይ ነኝ። ሆስፒታል ጠልቼ አይደለም። የልማት ተነሺ ምን እንደሚሆን ስላየሁ ነው። ሰው በዕጣ ይደለደላል። አንዱ ከከተማው ጫፍ፣ ሌላው ከሌላው ጫፍ ይወድቃል። ዕድር በዕጣ አይደርስም። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ ይቀራል፤ ተሸካሚው የለም። የእኛ ዕድር ውስጥ ልጆቻቸው ውጭ ያሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አባትና እናቶች አሉ። እነሱን ማን ጠዋት በራቸውን አንኳኩቶ "እንዴት አደራችሁ" ይላቸዋል?

ነርሷ (ከመስጊዱ ጎን)፦

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን እባክዎ የእኔንም ይስሙኝ። እኔ የምሠራው ሌላ ሆስፒታል ነው፤ ችግሩ ግን አንድ ነው። አልጋ ሲጠፋ በሽተኛ ኮሪደር ላይ በስትሬቸር ያድራል። አስታማሚው ደግሞ ሥሩ ካርቶን ዘርግቶ ይተኛል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከጎንደር፣ ከጅማ፣ ከሐረር የመጣ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ሕመሙ ይብስበት ነበር። እናቴን ያስታመምኩት በዚያ ጊዜ ነው። ስለዚህ "ማስፋፊያ አያስፈልግም" የሚል ወረቀት ላይ እጄ አይፈርምም።

"የት ነው የሚሰፋው፣ ምኑስ ነው የሚሰፋው" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን አብሬያችሁ ነኝ። ሆስፒታል ሁሉ ነገሩ በሽተኛው አጠገብ መሆን የለበትም። ድንገተኛ ክፍል ምድር ላይ፣ ከአምቡላንሱ መግቢያ ጋር መሆን አለበት። ቀዶ ሕክምናና ጽኑ ሕሙማን ተቀራርበው መሆን አለባቸው። ፋይናንስ፣ የሰው ኃይል፣ ማኅደር ክፍል፣ የመድኃኒት መጋዘን፣ የስብሰባ አዳራሽ ግን ፎቅ ላይም ሌላ ሕንፃም መሄድ ይችላሉ።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦

ነርሷ ያለችው ነገር ትልቅ ነው። ትናንት ከሰዓት ግቢውን በውጭ ዞርኩት፤ የሚያስገባውን ያህል ደግሞ ገብቼ አየሁ። በደቡብ በኩል ረጅም የቆርቆሮ መጋዘን አለ፣ ፎቅ የሌለው። ከጎኑ ሣር የበቀለባቸው የተበላሹ መኪኖች ቆመዋል። 19 ቆጠርኩ። ጎማቸው መሬት ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የመኪና ማቆሚያ ሰፊ ሜዳ ነው። አንድም ሰው ሳይነሳ ሕንፃ ሊቆምበት የሚችል ቦታ አለ ማለት ነው። ምን ያህል ወለል እንደሚወጣው መናገር የሚቻለው ልኬቱ ሲታይ ነው። ስለዚህ የግቢው ሳይት ፕላን፣ ማለትም የሕንፃዎቹና የቦታው አቀማመጥ ሥዕል፣ እንዲሰጠን በደብዳቤው እንጠይቅ።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። "ወደ ላይ ይሰራ" ማለት ቀላል ነው። መብራት ሲጠፋ ሊፍት ይቆማል። በሽተኛ በደረጃ በሸክም ማውረድ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ ሐሳባችን ላይ የአልጋ መወጣጫ ራምፕና አስተማማኝ ጄኔሬተር አብረው ይጻፉ። እንዲህ ካልጻፍን ባለሙያዎቹ "ነዋሪው ሳያውቅ ነው" ብለው ያልፉታል።

እማማ (ከአጥሩ ሥር)፦

ልጆቼ፣ ይህን የምታጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። እኔ እንጀራ ጋግሬ የምሸጠው ለአስታማሚ ነው። ሁለት ክፍል አለኝ፣ ከክልል ለሚመጡ አከራያለሁ። ባለፈው ወር ከወሎ የመጣ አባት ልጁን አስተኝቶ እኔ ጋ 23 ቀን አደረ። ሲሄድ እግሬ ላይ ሊወድቅ ነው። እኔን ከዚህ አንስተው ሩቅ ቢወስዱኝ እንጀራዬን ለማን እሸጣለሁ? ካሳው የቤቱን ግንብ ይቆጥራል እንጂ ምጣዴን አይቆጥርም።

ደግሞ ጭሱ። ጠዋት ያጠብኩትን ነጠላ ከሰዓት ሳነሳው ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። መርፌና ፋሻ የሚያቃጥሉበት ማቃጠያ ከአጥሩ ዘጠኝ እርምጃ ነው። ለበሽተኛ ብለን ዝም አልን። ሲሰፋ ግን ጭሱም ይሰፋል።

ጸሐፊ፦

እማማ፣ የሁለቱንም ጻፍኩ። ነርሷ፣ ስለ ማቃጠያው የምታውቂውን ጨምሪልን።

ነርሷ፦

እሺ። ከሆስፒታል ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ እንደ ማንኛውም የቤት ቆሻሻ ነው፤ አደገኛው 15 በመቶ ገደማ ነው ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። ችግሩ ሳይለይ አንድ ላይ ሲቃጠል ነው። ዘመናዊ ማቃጠያ ከ850 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ከዚያ በታች ፕላስቲክ ሲነድ ነው መጥፎው ጭስ የሚወጣው። አብዛኛውን ተላላፊ ቆሻሻ በእንፋሎት ማምከን ይቻላል፤ ጭስ የለውም። ስለዚህ "ማቃጠያው ይጥፋ" ሳይሆን "ቆሻሻው ከምንጩ ይለይ፣ የእንፋሎት ማምከኛ ይተከል፣ ማቃጠያው ከመኖሪያው አጥር ይራቅ" ብንል ይሻላል።

ተከራይ (ወፍጮ ቤቱ ግቢ)፦

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልበል። ረቂቁን ሁለቴ አነበብኩት። "ባለይዞታ" የሚለው ቃል 7 ጊዜ አለ። "ተከራይ" አንዴም የለም። በዚያ መሬት ላይ የምንኖር የግል ቤት ተከራዮች ቁጥራችን ከባለቤቶቹ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ልጆቼ የሚማሩት እዚሁ ነው። ቤቱ ሲፈርስ ባለቤቱ ካሳ ይቀበላል፤ እኔ ዕቃዬን ጋሪ ላይ ጭኜ እወጣለሁ። ስማችን እንኳ ይጻፍ።

ወጣቱ (ወንዝ ዳር)፦

እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነኝ። እውነቱን ልናገር። ክረምት በመጣ ቁጥር ቤታችን ውኃ ይገባል። ነሐሴ ላይ ፍራሽ አልጋ ላይ ደርበን ነው የምናድረው። ምትክ ቦታው ቅርብ ከሆነና ካሳው የሚያሠራ ከሆነ ነገ እነሳለሁ። "ነዋሪው ሁሉ ይቃወማል" ካላችሁ እኔን አይወክልም። እንደ እኔ ያሉ ወንዝ ዳር ቢያንስ ስድስት ቤት አሉ።

የዕድሩ ዳኛ፦

ይህን አላውቅም ነበር። ፍራሹን ማለቴ ነው። እሁድ ለምን አልተናገርክም ልጄ?

ወጣቱ፦

ጋሼ፣ ሁሉም "አንነሳም" ሲል አፈርኩ።

ጠበቃዋ፦

ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ሁሉንም አነበብኩ። ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጥና ረቂቁን እንመልከት።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ ማኅበረሰባቸውን የሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 40 ንዑስ 8 ደግሞ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ እንዲከፍል ያዛል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ካሳ የሚከፈለው በላዩ ላለው ንብረት ነው፤ የእማማ ምጣድ ጥያቄም የሚመጣው ከዚህ ነው። በዝርዝር የሚገዛን ስለ ቦታ ማስለቀቅና ካሳ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ማሻሻያ ስለወጣለት ከነማሻሻያው አትሜ አመጣለሁ። ዋናው ዐዋጅ በ2011 ሲወጣ ተነሺው ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ 1 ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት እንዲወያይ አዟል። አስቸኳይ ከሆነ ያጥራል፤ ከ6 ወር ግን አያንስም። ደስ የሚለው ደግሞ ሕጉ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥን እንደ ጉዳት ቆጥሮ ካሳ አስቀምጦለታል። ጋሼ የተናገሩት የዕድር ነገር በሕጉ ስም አለው ማለት ነው። ቅሬታ ያለው ሰው ውሳኔው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው ያቀርባል። ቀኑ ካለፈ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ማንም ወረቀት ሲደርሰው የደረሰበትን ቀን ይጻፍበት።

የግል ቤት ተከራዮችን በተመለከተ ወንድሜ ያነሳው ስጋት ትክክል ነው። ጥበቃው በዋናነት ለባለይዞታና ለቀበሌ ቤት ተከራይ ነው። ስለዚህ በሕጉ ብቻ ከተደገፍን ይቀራሉ። በሐሳባችን ውስጥ በግልጽ መጠየቅ አለብን።

አሁን ወደ ረቂቁ። "ሙሉ በሙሉ ይቃወማል" የሚለው ይውጣ። ሆስፒታል የሕዝብ ጥቅም አይደለም ብለን ልንከራከር አንችልም። ልንከራከር የምንችለው "የሕዝብ ጥቅሙ በትንሹ ጉዳት ሊገኝ ይችላል" ብለን ነው። መሐንዲሱ ጋሼ ያዩት ግቢ ዋናው ማስረጃችን ነው። ፎቶ ያስፈልገናል፣ ከመንገድ የሚታየውን ብቻ፤ በሽተኛ እንዳይገባበት።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦

ፎቶውን ነገ ጠዋት አነሳለሁ። ድምፅንም ጨምሩ። የመኖሪያ አካባቢ የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ትልቅ ጄኔሬተር ከመኝታ መስኮት ስር ከተተከለ ይህን አይጠብቅም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማም በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት ነዋሪ የሚሳተፍበት ነው። ግምገማው ተሠርቶ ከሆነ ይታየን፤ ካልተሠራ የፕላን ለውጡ ከመጽደቁ በፊት ይሠራ።

አምቡላንስ ሾፌሩ (ቀጠና 4)፦

ስለ መንገዱ። አሁን ያለው በር በእኛ ጠባብ መንገድ ነው። አንድ የውኃ ቦቴ ከቆመ አለቀ። የዛሬ ሳምንት ምጥ የያዛት እናት ይዤ 14 ደቂቃ ቆሜያለሁ፣ በሩ እየታየኝ። በዋናው አስፋልት በኩል ሁለተኛ በር ይከፈት። ይህ ከሁሉ ይቅደም።

ጸሐፊ፦

እሺ። ሌሊት ተቀምጬ እንደገና ጻፍኩት። እነሆ፦

"እኛ የሰፈሩ ነዋሪዎች ሆስፒታሉ መስፋቱን እንደግፋለን። ይሁን እንጂ የመሬት አጠቃቀም ለውጡ ከመጽደቁ በፊት የሚከተሉት እንዲታዩልን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በዋናው አስፋልት በኩል ለአምቡላንስ ሁለተኛ በር ይከፈት፤ ይህ የማንንም መነሳት አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ማስፋፊያው መጀመሪያ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ባለው ፎቅ የሌለው መጋዘን፣ የተበላሹ መኪኖች በቆሙበት ቦታና በመኪና ማቆሚያው ላይ ይታሰብ። ሕክምናው ከታች፣ ቢሮውና መጋዘኑ ከላይ ይሁን፤ ራምፕና መጠባበቂያ ኃይል ይኑረው። የግቢው ሳይት ፕላንና የቦታ ፍላጎቱ ስሌት ይሰጠን።

ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ የሚጎድል ቦታ ካለ ከወንዙ ዳር፣ ለመነሳት ፈቃደኛ ከሆኑት ይጀመር። የተቀረው ይዞታ የመኖሪያ አጠቃቀሙ ይጠበቅ።

አራተኛ፣ የሚነሳ ሰው ካለ በዚሁ ወረዳ፣ ካልተቻለ በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ አንድ ላይ ይስፈር። የግል ቤት ተከራዮች ስም ዝርዝር ከካሳ ግምቱ በፊት ይመዝገብ፤ የኪራይ ቤት አማራጭ ይቅረብላቸው። ለአስታማሚ በማከራየትና ምግብ በመሸጥ የሚተዳደሩ ሰዎች የገቢ ጉዳት ይታይ። በአዲሱ ግንባታ ውስጥም ለእነሱ የመሸጫ ቦታ ይያዝ።

አምስተኛ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ለነዋሪው ይቅረብ፤ በተለይ ማቃጠያው፣ ጄኔሬተሩና ፍሳሹ።"

የዕድሩ ዳኛ፦

አራተኛው ላይ "አንድ ላይ" ከሚለው ቀጥሎ "ከነዕድራቸው" የሚል ጨምሪ። ሁለተኛውን በጣም ወድጄዋለሁ። እፈርማለሁ።

ተከራይ፦

አመሰግናለሁ። ዝርዝሩን እኔ በየግቢው ዞሬ እመዘግባለሁ። ቅዳሜ እጨርሳለሁ።

ጠበቃዋ፦

ሦስተኛው ላይ "ለመነሳት ፈቃደኛ የሆኑት" ሲባል የስድስቱ ቤት ሰዎች ራሳቸው ፈርመው ይያያዝ። ሌላ ሰው ስለነሱ እንዲናገር አልፈልግም።

ወጣቱ፦

ከስድስቱ አራቱን አነጋግሬአለሁ፣ እሺ ብለዋል። አንደኛዋ ባሏ ከመስክ እስኪመጣ ትጠብቃለች። አንዱ ሐሳቡን ቀይሯል፤ አይነሳም። አምስት ብላችሁ ያዙ፣ እሷ ከፈረመች።

ጸሐፊ፦

"ከነዕድራቸው" ገብቷል። ፊርማ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በዕድር ቤቱ፤ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን በሚመቻቸው ሰዓት ቅዳሜ ከዐሥር ሰዓት ጀምሮም ክፍት ነው። መታወቂያ ያዙ። ደብዳቤው በሦስት ኮፒ ይሄዳል፦ ለወረዳው፣ ለክፍለ ከተማው፣ ለፕላንና ልማት ቢሮ። ሰኞ የምንሄደው ጋሼ ዳኛው፣ ጠበቃዋና እኔ ነን። በየቦታው የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳንቀበል አንወጣም። እማማ፣ ለእርስዎ ፊርማውን ቤትዎ ድረስ አመጣዋለሁ፤ እግርዎን አያድክሙ።